በአሸዋ መሸፈን ክልክል ነው

«ባሕሩ ዳር ቆሜ ስምሽን ብጠራ፣
እም… እምም… እምምም…»

ሁለተኛው ስንኝ አይመጣለትም። የመጀመሪያውን እንደ አሮጌ ኮት ለብሶት ይዞራል፤ ቀሪው የት እንደወደቀበት አያውቅም። ልጆች ሳሉ እህቱ ልብስ ስታሰጣ የምታንጎራጉረው ነበር። እንዳይጠይቃት፣ ካኮረፈችው ሰባት ዓመት፣ ከሞተች ደግሞ ሦስት ወር ሆኗታል።

ሥራው እሳት ጥበቃ ነው። ፈቃድ አውጥተው ባሕሩ ዳርቻ ላይ እሳት ለሚያነዱ ሰዎች ቦታ ያሳያል፣ እንጨታቸውን ይፈትሻል፣ ነፋሱን ያያል፣ መጨረሻ ላይም ቆሞ ያስጠፋል። ሁለት ባልዲ ውሃ ሳይዝ ስለማይታይ አሣ ሻጮቹ «ጋሼ ባልዲ» ነው የሚሉት።

«ጋሼ ባልዲ፣ ሠርግዎም ላይ ይዘውት ነበር እንዴ?»

«ታዲያ! ሙሽሪት ብትነድስ?»

እነሱ ይስቃሉ። እሱ ባልዲውን አንስቶ ያልፋል።

ሌላም አመል አለው። እራቱን፣ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል፤ ግን የመጨረሻው እሳት ጠፍቶ፣ ባዶ እጁን አመዱ ውስጥ እስከ አንጓው ሳይከት ቁጭ ብሎ አይበላም። ቢርበውም አይበላም። ቢዘንብም አይበላም።

ከሰባት ዓመት በፊት ሁሉም ጠባቂ እሳትን በአሸዋ ነበር የሚያጠፋው። አንድ ምሽት ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ውሃው ርቆ ነበር፤ ጉልበቱ ዝሏል፣ ሆዱ ይጮሃል። ፍሙን በአካፋ አሸዋ አለበሰውና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዳቦውን በላ። አሸዋ ግን እሳትን አይገድልም፤ ያስተኛዋል። ፍሙ እንደ ቂም ከሥር ሆኖ ነጋለት። ጠዋት የእህቱ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ በባዶ እግሯ መጣች። «አጎቴ!» እያለች በዚያ አሸዋ ላይ ወደ እሱ ነበር የምትሮጠው።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ሁሉንም ለእህቱ ነገራት፤ አልደበቀም። ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ አለችው፦

«ዳቦህን ግን በላህ፣ አይደል?»

ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችውም። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ክራንቹ ያጥራታል፤ እናትየዋ ያጠረውን አትጥለውም፣ በሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዞ ሄዶ፣ በተከፈተው በር በኩል የተሰቀሉትን አይቶ፣ ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ትቶ ተመለሰ።

ወደ ፈቃድ ክፍሉም ሄዶ ነበር። «በአሸዋ መሸፈን ክልክል ነው የሚል አንድ መስመር ጨምሪልኝ» አላት ጸሐፊዋን።

«ኧረ ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ማን ያነበዋል?»

«አንቺ ብቻ ጻፊው።»

ተጻፈ።

ዛሬ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሁለት ልጃገረዶች መጡ። አንዷ በአንሶላ የታሰረ ሸክም ተሸክማለች። ሌላዋ ታነክሳለች። ማን እንደሆነች ለማወቅ ፊቷን ማየት አላስፈለገውም።

«ፈቃድ አለን» አለች የእህቱ ልጅ። «ይኸው፣ ይዩት።»

አንቱታው ገረፈው። ወረቀቱን አነበበ። ቦታ ቁጥር አራት፤ ከሣሩ ሠላሳ እርምጃ የራቀ። የእሳቱ ከፍታ ከጉልበት የማይበልጥ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት።

«እንጨቱን ልየው።»

ጓደኛዋ አንሶላውን ፈታች። ከደረቅ ቅርንጫፍ ጋር ስድስት ክራንች፤ ሦስት ጥንድ፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።

«ደረቅ ነው ጋሼ» አለች ጓደኛዋ ነገሩን ለማቅለል። «ግድግዳ ላይ ነው የደረቀው።»

አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «ቫርኒሽ አለው» አለ። «ጎማ አለው፣ ብሎን አለው። እንዲህ እንዳለ አይነድም።»

«ታዲያ እምቢ ነው?»

«እምቢ አላልኩም። ይጸዳል።»

ተንበረከከ። ጎማዎቹን በቢላ ሸልቅቆ አወጣ፣ ብሎኖቹን በፒንሳ እያላላ ቆርቆሮ ውስጥ ጣለ፣ ቫርኒሹን ፋቀ። የትንሿ ጥንድ ብብት መያዣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱን ያውቀዋል፤ የልጅነት ሱሪውን ጉልበት የጣፈችለት እጅ ነው። ጨርቁን ሳይቀድ ፈታው።

«ጨርቅ ሲነድ ነፋስ ያበረዋል» አለና ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም። ኪሱ ከተተው።

«እማዬ ስትሞትም ትይዩዋ ነበር የተሰቀሉት» አለች እንጨቶቹን እያየች። «"እንዳትረሺ" ትለኝ ነበር። እግሬ እኮ ነው! እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?»

«መጨረሻ ላይ… ስለ እኔ ያለችው ነገር ነበር?»

«ምንም።»

ራሱን ነቀነቀ። ክብሪቱን እሷ ጫረች።

ክራንች ቀጭን እንጨት ነው፤ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። የሰባት ዓመት ግድግዳ በግማሽ ሰዓት አመድ ሆነ። ሦስቱም ሲያዩት፣ ሳያስበው ያቺ ስንኝ ካፉ ወጣች፣ እንደ ልማዷም መሐል ላይ ቆመች።

«እማዬም እዚያ ላይ ነበር የምታቆመው» አለች ልጅቷ።

«ቀጣዩን አታውቂውም?»

«እሷም ጠፍቷት ነበር።»

ሰዓቱ ደረሰ። ባሕሩ እንደዚያን ቀን ሸሽቶ ሄዷል። ሁለት ባልዲ አፈሰሰ፤ አመዱ ጮኸ፣ ጨሰ። ሌላ ሊቀዳ ሲነሳ ጓደኛየዋ ብርድ ብርድ ብሏት፣ «ጋሼ፣ አሸዋ ብናለብሰው አይበቃም?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። የእህቱ ልጅ አንዱን ባልዲ አነሳች።

ጎን ለጎን ሄዱ። ስታነክስ ግማሹ ውሃ ቀሚሷ ላይ ይደፋል። ልቀበልሽ ለማለት አልደፈረም። አምስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አፈሰሱ፣ በአካፋ ገለባበጡ፣ ደግመው አፈሰሱ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ አንጓው ከተተ።

«በረደ።»

ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋን አወለቀች። ከዚያን ጠዋት ወዲህ ያን ውስጥ እግር አይቶት አያውቅም፤ እንደ ቀለጠ ሰም ያብረቀርቃል፣ ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀዋል።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

እጁን እንደገና ከተተ። በመሐል፣ በዳር፣ ከድንጋዮቹ ሥር ዳሰሰ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

እግሯን አመዱ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላም ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። እግሯን አላነሳችም።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ይቅር አልኩህ አላለችም። እግሯን በአንሶላው ጠርጋ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ መሄድ ጀመረች። ትንሽ እንደራቀች ዞር ሳትል፣

«በል እንግዲህ ብላ» አለችው።

ሁለቱ ከዓይኑ እስኪጠፉ ቆመ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ቋጠሮውን ፈታ። ዳቦው ደርቋል፣ አሸዋም ገብቶበታል። አመድ በነካው እጁ ቆርሶ ጎረሰ።