በጀሪካን ላይ የተማርኩት በረራ

ተፈታች! ዛሬ ጠዋት እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። «ያቺ አብራሽ የታሰረችው ሴትዮ መጥታለች። በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አንቺን ጠየቀችኝ» አለች። እኔን ቀድመው ፈተውኝ እሷ እዚያው ቀርታ ነበር። ሮጬ ሄድኩ። ተሳስቀን፣ ተላቅሰን ስመለስ ብዕር አነሳሁ። ደርግ ወድቋል፤ አሁን መጻፍ እችላለሁ፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል!

እኔን የወሰዱኝ ወንድሜ ከአፈሳ አምልጦ ስለተሸሸገ ነው። አዳሚ ቱሉ፣ አክስታችን ቤት እንዳለ አውቅ ነበር። የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጣሪያው በፀሐይ ይንጣጣል፤ የናዝሬት ነፋስ በየቀዳዳው አቧራ ያስገባል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች።

«አካም ቡልቴ፣ ሚጡ» አለችኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

ባሏ ጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። አንድ ቀን አውሮፕላኗን ይዞ ወደ ጅቡቲ ጠፋ፤ በእሱ ፈንታ እሷን ያዟት። ማብረር ያስተማራት እሱ ነው። እሷ ደግሞ መፍራቴን አይታ ጀሪካኑ ላይ አስቀመጠችኝ። መሪያችን የመጥረጊያ እንጨት፣ ትሪማችን የጣሳ ክዳን ሆነ። ትሪም ከወንበሩ ጎን ያለች ትንሽ መዘውር ናት፤ የመሪውን ክብደት ከእጅ ላይ ታወርዳለች።

«ከመነሳትሽ በፊት መዘውሯን ምልክቷ ላይ አድርጊያት። ሽቅብ ስትወጪ መሪው ይከብድሻል። የአውሮፕላኗን አፍንጫ በመሪው፣ በእጅሽ ያዢው፤ ከዚያ ክብደቱ እስኪጠፋ መዘውሯን ወደ ኋላ።»

«ላይ ስደርስስ፣ እትዬ?»

«አፍንጫውን ዝቅ! ፍጥነት እስክትይዝ ጠብቂ፤ ከዚያ መዘውሯን ወደ ፊት። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ትሪም። ኧረ አንቺ ልጅ! ያ አፍንጫ አሁንም ተቀስሯል እኮ!»

በሩ ተበረገደ። የጥበቃዎቹ አዛዥ ነበር። እግዜር አፍንጫ ሲያድል ለእሱ አልሰሰተም።

«የማን አፍንጫ ነው የተቀሰረው?»

«የአውሮፕላን ነው፣ ጓድ» አልኩ።

ከኋላው ያሉት ጥበቃዎች ሳቃቸውን ሲያፍኑ ሰማቸው። ነገሩን ያባሰው ያ ነው።

«ባሏ በሮ ሄደ፤ እሷንም እናብርራት» አለ። «ወፌ ላላ!»

እጅና እግሯን አስረው፣ ጉልበቷ ሥር እንጨት አሳልፈው፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ዘቅዝቀው ሰቀሏት። እኔን ፊት ለፊቷ አቆሙኝ።

«ወንድምሽ ያለበትን ስትናገሪ ትወርዳለች» አለኝ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን እጁ ላይ እየጠመጠመ።

ድምፁን አልጽፈውም። ውጭ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል፤ ሰው ገበያ ይሄዳል። «አዳሚ ቱሉ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰ። አፌን ስከፍት አየችኝ።

«ሚጡ፣ መሪውን እንዳትለቂ» አለች ተዘቅዝቃ።

«ምን አለች?»

«አውሮፕላን ነው፣ ጓድ።»

ሌላ ቃል አልወጣኝም። እጁ እስኪዝል መታት።

ጎትተው ሲመልሷት ውስጥ እግሯ ተገሽልጦ ነበር። ነጠላዬን ቀድጄ ጠቀለልኩላት። ውሃ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ «ጀሪካኑ ላይ አስቀምጪኝ» አለች። ደግፌ አስቀመጥኳት። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ጎተተች፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«አውሮፕላኗን አየር ላይ ትተናት ሄድን እኮ። ማረፍ ይቀረናል። ለማረፍ ስትቀርቢ ፍጥነት ትቀንሻለሽ፤ ያኔ አፍንጫው ይከብዳል።» ወደ በሩ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አፍንጫው ይከብዳል! መዘውሯን ወደ ኋላ!»

በሩ አልተከፈተም። አረፍን።

ወንድሜ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ያነባል፤ ስንተኛው መስመር ላይ ንባቡን እንዳቆመ እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ ባሏ ጅቡቲ ይድረስ፣ መንገድ ላይ ይከስከስ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ዛሬ ስሰናበታት ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችኝ፤ «ልጆች ሰብስቢልኝ፣ ላስተምር» አለችኝ።

እንግዲህ እሁድ ከሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ እኛ ግቢ ኑ። በነፃ ነው። የምትቀመጡበትን ጀሪካን ብቻ ይዛችሁ ኑ።