በኮቲቻ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ

እናቴ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በኋላ ቤታችን ውስጥ ትልቁ ጠላታችን ወለሉ ሆነ። ሊሾ ነበር። ተሰነጣጥቆ የዊልቸሯ ጎማ በየስንጥቁ ይያዛል። ከመኝታ ክፍሏ እስከ ሳሎን አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እሷን እየገፋሁ ስሄድ ግን ሦስት ጊዜ ቆሜ ጎማውን ማንሳት አለብኝ። እሷም "ተይኝ፣ አልጋዬ ላይ ይሻለኛል" ትለኛለች። ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው መሀል መቀመጥ የምትወድ ሴት ነበረች።

ቤቱ ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ቦታውን የገዛሁት ከደላላ ሲሆን ደላላው ደግሞ ከገበሬ ነው የገዛው። ካርታ የለውም፣ የቤት ቁጥርም አልወጣለትም። በሰፈሩ እንደኔ የሠራ ሰው ብዙ ስለነበር ነገሩ ብዙም አያሳስበኝም ነበር። መሬቱን የሸጡት ሽማግሌ ከአጥሬ ወዲያ በቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ ይኖራሉ። "ኦቦ" እላቸዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ "አከም ቡልቴ" ይሉኛል፣ እኔም እጅ ነስቼ አልፋለሁ። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ሰበታ ሱቅ ያለው አንድ ሴራሚክ ነጋዴ ሰዎች ጠቆሙኝ። ራሱ ይሸጣል፣ ራሱ ሠራተኛ ይዞ መጥቶ ያነጥፋል። በሚያዝያ መጥቶ ወለሉን አየና በጫማው ተረከዝ መታ መታ አደረገው።

"እህቴ፣ ይሄ የተሰነጠቀው ከሥሩ ጥቁር አፈር ስላለ ነው" አለኝ። "ሊሾውን አፍርሼ፣ ጥቁሩን አፈር አውጥቼ፣ ቀይ አፈርና ድንጋይ ሞልቼበት ነው የማነጥፍልሽ።"

ይህንኑ በወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ከሥሩ "የአንድ ዓመት ዋስትና" ብሎ አሰመረበትና ፈረመ። ሥራው እስኪያልቅ እናቴን ይዤ ሱሉልታ እህቴ ጋ ሰነበትኩ። ስንመለስ ወለሉ እንደ ውኃ ያበራ ነበር። እናቴ በደህናው እጇ ጎማውን እያሽከረከረች፣ ማንም ሳይገፋት ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ሳሎን ገባች። መስኮቱ ጋ ዊልቸሯን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። ፈገግ ብላ ተመልሳ ወደ ክፍሏ ሄደች፣ ከዚያ እንደገና መጣች። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አላስታውስም።

ክረምቱ ገባ። ቡራዩን ከአዲስ አበባ ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ ከተነገረ ወራት አልፈው ነበር፤ ረብሻው ግን አልቀረም። አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ታክሲ መኖሩን ጎረቤት እጠይቃለሁ። በዚያ ላይ ካርታ የሌለው ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይመጣል። እናቴ ፊት ስለዚህ ጉዳይ አናወራም ነበር።

በነሐሴ አንድ ጠዋት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሥራ ሳልሄድ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የእናቴን ክፍል በር ዘግቼ ገላዋን በፎጣ እያሸሁላት ነበር። ከአስፋልቱ በኩል የሰው ጩኸት ይሰማል። ድንገት ጆሮዬ ሥር "ጧ" አለ። ወዲያው ደገመ። ተኩስ ነው ብዬ በእናቴ ላይ ተደፋሁ።  ሦስተኛው ሲጮህ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀና ብዬ ሳይ ሴራሚኩ ከመሬት ተነስቷል። ከግድግዳው እስከ በሩ ድረስ ሁለት ረድፍ ተያይዞ ድንኳን መስሎ ቆሟል።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ወለሉ ነው እማዬ። ተኩስ አይደለም።"

ቀልሎኝ ልስቅ ነበር። ከዚያ በሩን ልከፍት ሄድኩ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። የተነሳው ሴራሚክ ከታች ወጥሮ ይዞታል። ሳብኩት፣ እምቢ አለ። የተነሳውን ሴራሚክ በእግሬ ረገጥኩት፣ ከሥሩ ያለው ስሚንቶ ራሱ አብጦ ስለነበር አልወረደም። በእጄ ልነቅለው ስሞክር ጠርዙ መዳፌን ቆረጠኝ። መስኮቱ የሌባ መከላከያ ብረት አለው። ያንን ብረት ያስገጠምኩት እኔ ነኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ሰበታ ለሴራሚክ ነጋዴው ደወልኩ። "እህቴ፣ መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ሲከፈት እመጣለሁ" አለና ዘጋው። እህቴ ከሱሉልታ መውጣት አልቻለችም፤ እዚያም ተዘግቷል። ስልኩን ይዛ አለቀሰችብኝና እኔ ሆንኩ እሷን ያጽናናኋት። ጎረቤቶቼ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። በመስኮት ብጣራም በዚያን ቀን የሚጣራ ሰው ብዙ ስለነበር ማን ይሰማኛል?

ስድስት ሰዓት ሆነ። እናቴ ቀስ ብላ፣ ሽንቷ እንደመጣ ነገረችኝ። ፖፖው ሳሎን ነበር። የገላ ማጠቢያውን ሳፋ አቀረብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከጨረሰችም በኋላ እንደዞረች ቀረች። "አልጋዬ ላይ ይሻለኛል ብዬሽ ነበር" አለች። ወለሉን ያሠራሁት ለእሷ ብዬ መሆኑን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሷም ታውቀዋለች።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ኦቦን በመስኮቱ አየኋቸው። ከአስፋልቱ በኩል በእግራቸው እየመጡ ነው፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኗል። ጮኼ ጠራኋቸው። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ነቅለው ገቡ። መስኮቱ ጋ መጥተው በብረቱ መሀል አዩን።

"ኢንተላ ኮ፣ ማነው የቆለፈባችሁ?"

ልጄ ማለታቸው ነው። "ወለሉ ነው ኦቦ" አልኳቸው።

ተመልሰው መጥረቢያ ይዘው መጡ። ክፍት በነበረው የሳሎን በር ገብተው የክፍሉን በር የታችኛውን ግማሽ ፈልጠው አወጡት። በቀዳዳው ተሳቤ ወጣሁ፤ ከዚያ ከውጭ ሆነን የቀረውን በር ነቅለን እናቴን ተሸክመን ሳሎን አስቀመጥናት። ሳሎኑም በሁለት ቦታ አብጧል። ኦቦ ውኃ ጠጡና ከየት እንደመጡ ነገሩን። ትልቁ ልጃቸው ከታሰረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ስንቅ ሊያደርሱ ሄደው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ሲመለሱ ነበር። ጎረቤቴ ሆነው ይህን አላውቅም ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ነጋዴው በአራተኛው ቀን መጣ። ወለሉን ዞሮ አየ።

"ሴራሚኩ ምንም አልሆነም" አለ። "አፈርሽ ነው።"

"አፈሩን አወጣለሁ ብለህ ጽፈህልኛል።"

"አውጥቻለሁ። ከዚያ በታች ያለው የእኔ አይደለም።"

እንደምከሰው ነገርኩት። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክሰሺ፣ መብትሽ ነው" አለኝ። "ግን ሊያዩት ሲመጡ የቤትሽን ካርታ አዘጋጂ።"

ይህን ብሎ ሄደ። 

ቢሆንም ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ያስተናገደችኝ ሴት የነጋዴውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይሄ ጥሩ ማስረጃ ነው" አለችኝ። "ሸማች ነሽ። የገባልሽን ካልሠራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ እንዲሠራልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ሕግ አለው።" ይህን ስትለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ፎርም ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ የእሱን ስም ጻፍኩ፣ የደረሰውን ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው መስመር የቤት ቁጥር ይላል።

"ባለሙያ ልከን ወለሉን እናስመረምራለን" አለች።

ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። አየችኝ። ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎችም አየችና "ቤቱ ቁጥር የለውም?" አለችኝ በቀስታ። ብዕሩን መለስኩላት። "እንግዲያው ፎርሙን ይዘሽው ሂጂ። አስቢበት" አለች። በአነጋገሯ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ለወለሉ መብት አለኝ፤ ወለሉ ያለበት ቤት ግን እንዲታይ አልፈልግም።

እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። ሥራ ስሄድ ቁርሷን፣ ምሳዋንና ፖፖውን አጠገቧ አስቀምጬ የውጭውን በር ቆልፌባት እወጣለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሳልመለስ ብቀርስ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ልቤ አያርፍም። ነጋዴው ስልኬን ማንሳት ተወ።

አንድ እሑድ ኦቦ እናቴን ሊጠይቁ መጡ። የተነሳውን ሴራሚክ አይተው አንዱን በዱላቸው ገለበጡት። ስሚንቶው በተሰነጠቀበት በኩል ጣታቸውን ሰደው ጥቁር አፈር አወጡ፣ በጣታቸው አሹት።

"ኮቲቻ ነው" አሉ። "ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። ይሄን ሳያወጡ ቤት አይሠራም።"

"አውጥቻለሁ ይላል እኮ።"

"አላወጣም። እናንተ ሱሉልታ በነበራችሁ ጊዜ እኔ ከዚያ አጥር ጋ ነበርኩ። ግማሽ ቀን ቆፈሩ። ዝናብ ሲመጣባቸው ድንጋዩን ከላይ ደርድረው ስሚንቶ አፈሰሱበት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ኦቦ?"

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "ማን ጠየቀኝ? መሬቱን ስትገዢም አልጠየቅሽኝም። ደላላው ነው የሸጠልሽ፤ ከኔ በስንት እንደወሰደው አታውቂም። እዚህ ተቀምጠሽበት ያለው ቦታ ላይ ሃያ ዓመት ባቄላ ዘርቻለሁ። ልጆቼ አሁን በዚህ መሬት ነገር ነው የሚታሰሩት።"

እናቴ ከአልጋዋ ላይ "ይቅር ይበሉን" አለቻቸው።

"እናንተ ምን አደረጋችሁ" አሉ። ግን ምንም አላደረጋችሁም ብለው አልጨረሱትም።

ቢሮ ሄደው ይመስክሩልኝ ልላቸው አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ ማለት አቃተኝ። ገበሬ መሬት መሸጥ በሕግ ስለማይፈቀድለት፣ እሳቸውም ይህን መሬት ለደላላ እንደሸጡ የሚናገሩበት ቢሮ የለም። ሁለታችንም በአንድ አጥር ውስጥ ነን። እሳቸው ግን ሊሄዱ ሲነሱ፣ "የዚያን ነጋዴ ሱቅ ታውቂዋለሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ታክሲ ነበር። ጦር ኃይሎች ወርደን፣ ከአየር ጤናም ሌላ ታክሲ ይዘን ሰበታ ገባን። ኦቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። በቀጥታ ወደ ሱቁ አልገቡም። መጀመሪያ ከጎኑ ያለ የጨርቅ ሱቅ ገብተው፣ ባለቤቱን፣ ጢማቸው የሸበተ ሙስሊም ሽማግሌን፣ በኦሮምኛ አናገሯቸው። ሽማግሌው ከሱቃቸው ወጥተው ከማዶ አንድ ሌላ ሰው ለሽምግልና ጠሩ። ሦስቱ ሆነው ሴራሚክ ሱቁ ገቡ፤ እኔ ተከተልኳቸው። ነጋዴው ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። የሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ ባይሆኑ አይነሳም ነበር።

ኦቦ አልጮኹም። ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ ስንት ሰው እንደቆፈረ፣ ዝናቡ በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ድንጋዩ ከየትኛው ጥግ እንደጀመረ። ከዚያ እናቴን በመስኮቱ ብረት መሀል እንዴት እንዳገኟት ነገሩት። ነጋዴው ኋላ ላይ አንገቱን ደፋ። ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። የጨርቅ ነጋዴው በመጨረሻ "ይሄ ወረቀት ፊርማህ ነው?" ብለው ጠየቁት። "ነው" አለ። "እንግዲህ ምን ቀረ?"

ሁሉንም እሠራለሁ አላለም። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀ። የእናቴን ክፍልና እስከ ሳሎን ያለውን መተላለፊያ ሊሠራ፣ ሳሎኑ እንዳለ ሊቀር ተስማማን። ሙሉው መብቴ ይህ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ያቺ የቢሮዋ ሴት ነግራኛለች። ግን እጄን ለእርቅ ዘረጋሁ።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካበቃ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከወጣ በኋላ በጥቅምት ነው። በዚህ ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቆሜ አስቆፈርኩ። ከእናቴ ክፍል ውስጥ የወጣው ጥቁር አፈር ግቢውን ሞላው። ጉድጓዱ ወገብ ያደርስ ነበር። በሁለተኛው ቀን ነጋዴው ራሱ መጥቶ ጉድጓዱ ዳር ቆመ።

"ያን ቀን ስለ ካርታ ያልኩሽን አልረሳሁትም" አለኝ።

ወደ ጉድጓዱ ማየቴን ቀጠልኩ።

"የኔም ቤት ካርታ የለውም። ሰበታ፣ ከወንዙ ማዶ ነው የሠራሁት። እኔን ምን ብለው ዝም እንደሚያሰኙኝ ስለማውቅ ነው እንዲያ ያልኩሽ።"

ልቆጣው ፈለግሁ፣ ቁጣው ግን አልመጣም። "አፈሩ በደንብ ይውጣ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሠራተኞቹን ተቆጣጠረ።

አዲሱ ወለል እስካሁን አልተነሳም። ሳሎኑ ውስጥ ያበጠውን ነቅለን በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፈንነው፤ ዊልቸሩ እዚያ አይሄድም። እናቴ ከክፍሏ ወጥታ መተላለፊያውን እስከ መጨረሻው ትመጣና ሳሎኑ ደፍ ላይ ትቆማለች። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ወደ እሷ አቀርባለሁ። ለክፍሏ አዲስ በር ላሠራላት ስል እምቢ አለችኝ። መጋረጃ ብቻ ሰቀልንላት።