የሃቢባ በቆሎና የሚፍታህ ማግኔት

ሚፍታህ ሀቢቾ በምትባል ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወፍጮው የጋሼ ኸይረዲን ነው፤ እሳቸው ሆሳዕና ከተማ ሱቅ ስላላቸው የሚመጡት በሳምንት አንዴ ነው፣ ያምኑታል። ሚፍታህ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ጥሎ የወጣ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ሲናገርም ዱቄት አፉ የገባ ይመስል ቃሉን ይጎትታል። ወፍጮው ሲታመም ግን ከድምፁ ይለያል።

ባለፈው ጥቅምት ወፍጮውን ያሳመመው እሱ ራሱ ነበር። ይህን ከአላህና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የገበያ ቀን ነው። ከሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የቺንጋው መሸፈኛ ላልቶ ሲንቀጫቀጭበት ሊያጠብቀው ፈታና የብሎን ማጥበቂያ የሆነውን አንዱን ዳዶ የወፍጮው አፍ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ሰልፈኛው ቶሎ በል እያለ ያጣድፈዋል። ዳዶውን እዚያው ረስቶ ወፍጮውን አስነሳ። ተራው የሃቢባ ነበር። ሃቢባ ባሏ የሞተባት፣ ከገበያው በታች የምትኖር፣ በቆሎዋን ሁለት ጊዜ ሳትለቅም የማታመጣ ሴት ናት። እህሏ ግማሽ ሳይደርስ ወፍጮው ጮኸ፤ ወንፊቱ ተቀደደ፤ ዱቄቱ ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ተደባለቀ።

ጋሼ ኸይረዲን መጥተው በማን እህል ነው የተሰበረው ብለው ጠየቁ። ሚፍታህ ሰልፈኛው ፊት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ "በሃቢባ ተራ ነው" አለ።

ውሸት አልነበረም። የቀረውን ሰዉ ራሱ ጨረሰው። እህሏ ብረት አለበት ተባለ፤ ጋሼ ኸይረዲንም ከእንግዲህ እንዳትፈጭላት አሉት። ሃቢባ "ለቅሜዋለሁ" ብቻ ብላ ጆንያዋን አንስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በቆሎዋን በጀርባዋ አዝላ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሄዳ ነው የምታስፈጨው። መንገዷ በወፍጮ ቤቱ ደጅ ነው። ስታልፍ ጎንበስ እንዳለች "እንዴት አደርክ ሚፍታህ" ትለዋለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ቲቸር ርብቃ፣ የአንደኛ ደረጃው የሳይንስ አስተማሪ፣ ጤፍ ልታስፈጭ መጥታ ክፍል ውስጥ በሚስማር፣ በሽቦና በባትሪ ድንጋይ ማግኔት ሠርተን መርፌ አነሳን ብላ ስታወራ ሰማ። ልቡ ዘለለ። የወፍጮው አፍ ላይ ማግኔት ቢኖር ብረት አያልፍም። ብረት ካላለፈ ሃቢባን መከልከል አያስፈልግም። እሱም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ይስተካከላል። እያፈረ አሠራሩን ጠየቃት፤ ሽቦውን ብሎን ላይ ጠምጥመህ ሁለቱን ጫፎች ልጠህ ባትሪ ላይ አድርግ አለችው።

ሆሳዕና ሞተር ከሚጠመጥም ሰው የተረፈ ሽቦ አመጣ፤ የባጃጅ ባትሪም ተዋሰ። ሽቦው ላይ ቀላ ያለ ቅብ ነገር አለ። ሚፍታህ እንሰት የሚፋቅበት አገር ሰው ነው። ጫፉ መላጥ ካለበት ሁሉም ቢላጥ ይበልጥ ጥሩ ነው ብሎ አራት ቀን ሙሉ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር በምላጭ ፋቀው። ጣቱን ቆረጠው፤ እሰይ አለ፣ ይበለኝ። ሽቦው ወርቅ መሰለ። ብሎኑ ላይ ጠምጥሞ ሲያገናኘው ሽቦው እጁን አቃጠለው፤ ብሎኑ ግን አንዲት መርፌ አላነሳም።

ቲቸር ርብቃ ስታየው ሳቀች።

"ጋሽ ሚፍታህ፣ ቆዳውን ገፍፈህ ጨረስከው እኮ!"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ በሽቦው ዙሪያ ትንሽ የመሳብ ኃይል ይፈጥራል። የአንዱ ዙር ኃይል ትንሽ ነው፤ መቶ ዙር ሲሆን ግን ይደመርና በመሐል ያለውን ብሎን ማግኔት ያደርገዋል። ባትሪው ሲነቀል ብሎኑ ተመልሶ ተራ ብሎን ነው።

"ቆዳው ያለው ለዚህ ነው" አለችው። "ቆዳ ከሌለው ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፣ ሾርት ያደርጋል። ኤሌክትሪኩ ሁሉንም ዙር መዞር ሲገባው በአቋራጭ ያልፋል። ባትሪው ይደክማል እንጂ የሚነሳ ነገር የለም።"

ሚፍታህ ሌላ ሽቦ ፈልጎ፣ ጫፎቹን ብቻ ልጦ፣ ሦስት መቶ ዙር ጠመጠመ። ብሎኑ ሚስማር በእፍኝ አነሳ። በወፍጮው አፍ ላይ አሰረው። ጋሼ ኸይረዲን አይተው ትከሻውን መቱት፤ ያቺ ሴትዮም ትምጣ እንግዲህ፣ ብረቷን ማግኔቱ ይይዘዋል አሉ።

በዚያው ዕለት ሃቢባ ቤት ሄደ። ደጅ ላይ እንደቆመ፣ ጋሼ ኸይረዲን ፈቅደዋል፣ ማግኔት ሠርቻለሁ፣ ከእህልሽ ብረት ቢወጣ እንኳ ችግር የለም አላት።

ሃቢባ እጇን ከምትፍቀው እንሰት አንስታ አየችው።

"ከእህሌ ብረት ቢወጣ?" አለች። "በየሳምንቱ ሰው ማግኔትህን ሊያይ፣ የሃቢባ ብረት ዛሬም ወጣ ወይ ሊል? እኔ መንገዱን ለምጄዋለሁ ሚፍታህ። ሂድ።"

ያኔ ነው የገባው። ያን ሁሉ ጠምጥሞ፣ ብረቱ የእሷ ነው የሚለውን ወሬ ሰው ሁሉ እንዲያየው ይበልጥ አጥብቆ ሰቅሎታል። ሊሄድ ዞረ፤ እግሩ ግን እንቢ አለው።

"ብረቱ የአንቺ አይደለም" አላት፣ ሳያያት። "ዳዶ ነው። እኔ ነኝ ረስቼ የተውኩት።"

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም።

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እኮ ለቅሜዋለሁ፣ አውቃለሁ። እዚያ ሰልፈኛው ፊት ነው ያልከው፤ እዚያው በል።"

በገበያው ቀን ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር፤ ጋሼ ኸይረዲንም በር ላይ ተቀምጠዋል። ወፍጮው እየሠራ ሰው ሰውን አይሰማም። በጩኸቱ ውስጥ ሹክ ብሎ ቢገላገል ተመኘ፤ ያም አቋራጭ ሆነበት። ሞተሩን አጠፋው። ሰዉ መብራት ሄደ እንዴ ብሎ ዞረ። ሚፍታህ ቃሉን እየጎተተ፣ ዳዶውን የት እንዳስቀመጠ፣ ለምን ዝም እንዳለ፣ በሃቢባ በቆሎ ውስጥ ምንም እንዳልነበረ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንዷ ሴት "ውይ፣ ያቺን ምስኪን" አለች። ጋሼ ኸይረዲን "ሥራህን ሥራ፣ በኋላ እንነጋገራለን" አሉት።

ሃቢባ በዚያ ሳምንት አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። በሦስተኛው ጆንያዋን ይዛ መጥታ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ሰዎች ቅደሚ አሏት፤ እንቢ ብላ ተራዋን ጠበቀች። ሚፍታህም እህሏን ተቀብሎ ሲያፈስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።