ጢስ ያልነካው ጎማ

ጎማ ከዛፍ እንደሚገኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ያውም ጎማ መሃል አድጌ። አባታችን ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ቁጭ ብለን ጎሚኒ ስናጸዳ እንውል ነበር። ጎሚኒ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ በመሃላቸው የምትገባ የጎማ ቁራጭ ናት። ባጃጅ ያለ እሷ ብዙ አይሄድም፣ ድሬዳዋ ደግሞ ያለ ባጃጅ ከቤቷ አትወጣም። እና ያን ጊዜ አንድ ሰው ጥሬ ጎማው ከየት ነው የሚመጣው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ከመኪና ተራ ነው የምለው። ጭነቱ የሚወርደው እዚያ ነዋ!

አባታችን ካረፈ በኋላ ሥራውን ለሁለት ተካፈልነው። ወንድሜ ማሽኑንና ጎማው ተጨምቆ የሚበስልበትን የብረት ቅርጽ፣ ፎርማውን፣ ያዘ፤ እኔ መግዛቱን፣ መሸጡንና ጭቅጭቁን። ወንድሜ ዝምተኛ ነው፣ አንድ ነገር ለመናገር ሲያስብ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። እኔ ደግሞ ተናግሬ ስጨርስ ነው የማስበው። ሁለታችንም ልማዳችንን ስለምናውቅ ተስማምተን እንኖራለን።

ጥሬ ጎማውን የምንገዛው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአንድ የጎማ ዛፍ እርሻ ነው። አንድ ጊዜ ደንበኞቻቸውን ጠርተው እርሻውን ሊያስጎበኙ ፈለጉ። ወንድሜ ማሽን ጥሎ አይሄድም፣ ስለዚህ እኔ ሄድኩ። በር ላይ «ዘላቂነት» የሚል ባነር ሰቅለዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ቃል ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል። በየሆቴሉ አዳራሽ ከቆሎና ከታሸገ ውሃ ጋር ስለሚቀርብልን ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ ትንሽ እንዳንጎላጀሁ፣ የማድረቂያው ክፍል ኃላፊ የሆነች በእኔ ዕድሜ የምትሆን ቦቲ ጫማ ያደረገች ሴት ጠጋ ብላ፣ ካሰለቸሽ ሌላ ነገር ላሳይሽ አለችኝ።

ከጢስ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። የተከመረ እንጨት አየሁ፣ ከቤቱ ጣሪያ የሚበልጥ። ነገሩን አስረዳችኝ፦ የዛፉን ወተት ይሰበስቡና እንደ እርጎ ያረጉታል፣ እንደ ቆዳ በስሱ ይዳምጡታል፣ ከዚያ ጢስ ቤት ሰቅለው በእንጨት እሳት ያደርቁታል። እኛ ጋ የሚደርሰው ቡናማ፣ ጢስ ጢስ የሚል ንጣፍ እንደዚያ የተሠራ ነው። ከክምሩ ባሻገር ያለውን ኮረብታ በእጇ አሳየችኝ። ግማሹ ጫካ ነው፣ ግማሹ ጉቶ።

«የናንተ ጎሚኒ ይኸ ነው» አለችኝ፣ ጉቶውን እያሳየች።

በቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ለቁጣ መልስ አላጣም።

አጠገቡ ሌላ ቤት ሠርታለች፣ ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት። እዚያ ጎማው ያለ እሳት፣ በፀሐይ ሙቀትና በነፋስ ብቻ ይደርቃል። ችግሩ፣ እንዲህ የደረቀው ነጣ ይላል፣ ማር ይመስላል፤ ገዢዎቹም ቡናማውን ለምደው ይኸኛው አልበሰለም ይላሉ። አለቆቿ አንድ ገዢ አግኝተሽ አሳዪን ብለዋታል፤ ካልሆነ አዲሱ ቤት ይፈርሳል፣ እንደ ድሮው እሳት ይነዳል። እኔ እወስዳለሁ አልኳት። ወንድሜን ሳልጠይቅ።

ድሬ ገብቼ ስነግረው ወደ ማሽኑ ተመለሰ። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ «አንድ ጭነት እንሞክር፣ ከተበላሸ ግን ይመለሳል» አለ። ይህ ለእኔ በቂ ነበር።

ጭነቱ ሲመጣ የተቀበለው ሐጂ ነው። ሐጂ መጋዘናችንን የሚጠብቅልን፣ የአባታችን ወዳጅ የነበረ ሽማግሌ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ሰውን እንደ ማራቅ ስለሚቆጠር እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ «አንተ» ነው የምለው። ሐጂ ንጣፉን አሸተተና ፊቱን ወደኔ አዞረ።

«አቦ፣ ይሄ ነገር ጢስ አልሸተተም። ጥሬ ነው እንዴ?» አለኝ።

ጥሬ አይደለም፣ በነፋስ የደረቀ ነው አልኩት። ወላሂ ቆንጆ ነው አለና እንደ ልማዱ አስቀመጠው። ልማዱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጋዘናችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። በድሬ ሙቀት ጎማ ላይ ጎማ ከተጫነ ይለሰልስና ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ይቀዳደዳል። ሐጂ ደግሞ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ዕድሜውን የፈጀው በጫት ንግድ ነው። ጫት እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው፣ ይህን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ ሐጂ ጎማውን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላል፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ይረጨዋል። ይህን የጀመረው አባታችን በሕይወት እያለ ነው። ጎማው ይቀዘቅዛል፣ አይጣበቅም። አንዳችንም ክፉ አይተንበት አናውቅም፣ እንዲያውም በብልሃታችን እንኮራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ሐጂ መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ሰላም ስለው በእጁ ወደ ውስጥ አሳየኝ። ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቶ ጆንያውን አንሥቷል። ያ ማር የመሰለ ጎማ እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። አንዱን ንጣፍ አነሣን፣ ከሥሩ ያለውም እንደዚያው። ሌላውም። ሽታው አፍንጫ ይይዛል።

ወንድሜ ለአንድ ጊዜ ሳያስብ ተናገረ። «ጭነን እንመልሰዋለን» አለ።

ቃላችን ነው። ስልኬን አንሥቼ የማድረቂያዋ ኃላፊ ጋ ደወልኩ፣ ውስጤ የነበረውን ሁሉ አወጣሁባት። ጎማሽ ሻገተ፣ አሞኘሽኝ፣ ወንድሜ ፊት አዋረድሽኝ አልኳት። ምናልባት ሌላም ብያለሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከኋላዋ ዝናብ የፕላስቲኩን ጣሪያ ሲመታ ይሰማኛል። ሲደክመኝ፣ መብታችሁ ነው፣ መልሱት አለችኝ። ግን አለቆቼ የሚጠብቁት የእናንተን መልስ ነው፣ ጭነቱ ከተመለሰ ነገሩ አበቃ፣ ለጢስ ቤቱ እንጨት የሚቆርጡ ሰዎች ወዲያው በመኪና ወደ ጫካ ይላካሉ አለች። ዘጋሁት።

ግቢው ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ያ ጉቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ተናድጄ ነበር፣ ግን በማን እንደተናደድኩ ጠፋኝ። ወንድሜ የጭነት መኪና ፍለጋ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ራሷ ደወለች። ንድፈ ሐሳብ ልታስተምረኝ ነው ብዬ አፌን ሳሰናዳ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ አለች፣ ድሬዳዋ ደረቅ አገር ነው፣ ጎማ በደረቅ አገር እንዴት ይሻግታል? የት ነው ያስቀመጣችሁት? መጋዘን አልኳት። እንዴት አድርጋችሁ? በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን፣ ውሃ እየረጨን።

«እርጥብ ጆንያ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እንደ ጫት።»

ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። የድሮውን ጎማ ከሻጋታ የሚጠብቀው ጢሱ ነበር አለችኝ። ጢስ እንደ መድኃኒት ጎማው ላይ ይቀራል፣ ውሃ ብትረጩበትም ሻጋታው አይደፍረውም። ይኸኛው ግን ጢስ አልነካውም፣ ውሃ ካገኘ ይሻግታል። ይህን ለእናንተ መንገር ነበረብኝ፣ ግን በድሬዳዋ ሙቀት ጎማ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አለ ብዬ እንዴት ልገምት አለች። ቀና ስል ሐጂ የውሃ ጆጉን ይዞ ከሩቅ እያየኝ ነው።

ሻጋታው ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ጎማው ደህና ነው አለችኝ። በብሩሽና በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ እንዲያገኘው ስቀሉት፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ያቀልጠዋል። ዘልቆ ከገባ ግን ሲበስል ይፈረካከሳል፣ እሱን የሚነግራችሁ ፎርማው ነው። ስትሞክሩት የሆነውን እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትዋሺኝ አለች።

ወንድሜ መኪና ይዞ ሲመለስ ነገርኩት። ወደ መጋዘኑ አየ፣ ወደ ሐጂ አየ። ሐጂ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ጀመረ። ወንድሜ ግን ሾፌሩን አሰናበተና ሸሚዙን አውልቆ በርሜሉን ውሃ ሊሞላ ሄደ። ሐጂን፣ አባቴም ቢኖር ኖሮ አብሮህ ውሃ ይረጭ ነበር አልኩት። ትንሽ ፈገግ አለ።

ማጠቡ ቀላል ነበር፣ መስቀያው ነው የጠፋው። የግቢያችን ገመድ ወዲያው ሞላ። ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበተን ሶማሌ ሴትዮ አለች፣ አክስት እንደ ማለት ኤዶ እንላታለን። እኛ ድሮ የጎማ ቁርጥራጭ እያነደድን ማሽኑን በምናሞቅበት ጊዜ ጥቀርሻው ልብሷ ላይ እያረፈ ስንት ጊዜ ተጣልታናለች። ማንደዱን ትተን ወደ ኤሌክትሪክ ከዞርን ወዲህ ነው የታረቅነው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ሰርግ አላችሁ እንዴ፣ ምንድነው የምትሰቅሉት አለች። ስነግራት ግማሽ ደረቅ ልብሷን ከገመዱ ላይ ገፋ አድርጋ፣ የግቢዋን ጥላ በሙሉ ሰጠችን። ጥቀርሻ የለውም አይደል ብላ ብቻ ጠየቀች። የለውም አልናት።

ከሰዓት በኋላ ድሬ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ጥላ ይይዛሉ፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። እኛ ያን ሰዓት ስናጥብና ስንሰቅል ዋልን። ሁልጊዜ የምንረግመው ያ ትኩስ ነፋስ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ በኩል ተነሥቶ በንጣፎቹ መሃል ይገባል፣ ይወጣል። ሐጂ ወንበሩን መሃል ላይ አድርጎ ፀሐይዋ ስትዞር የምትነካውን ንጣፍ እየጠቆመ ያስነሣናል። ለቀናት እንደዚያ ሰነበትን። አንድ ጠዋት ወንድሜ አንዱን ንጣፍ አውርዶ ወደ ብርሃን ያዘው። ማር መስሎ ነበር፣ ሆኖም ፎርማው የሚለውን ገና አላወቅንም።

የመጀመሪያውን ሲያበስል አጠገቡ መቆም አቃተኝ። ጎማውን የሚያጠነክረውን ድኝ ደባለቀ፣ ዳመጠ፣ ፎርማው ውስጥ ከተተ፣ ዘጋው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ጀርባውን አያለሁ። ከፈተው። ጎሚኒዋን አውጥቶ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀ። አጠፋት፣ በጥፍሩ ቆነጠጣት፣ በጥርሱ ያዛት። አልተሰነጠቀችም። ወጥቶ ባጃጃችን ሥር ገባና ከሞተሩ ሥር ያለችውን አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን ገጠማት። ተነሥቶ ባጃጇን እየነዳ ሄደ፣ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ፣ እስከ ሳቢያን ሰፈር።

እኔና ሐጂ ደጃፉ ላይ ቆመን ጠበቅነው። ሐጂ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል፣ እሱ ራሱ ግን መቁጠሪያውን ይዟል። ደርሶ ተመልሶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ከሥር ገባ። ሲወጣ እጁ ዘይት ነው፣ ፊቱ አቧራ።

«ደውዪላት» አለኝ። «እንወስዳለን በያት፣ ሌላም ትላክልን። ጆንያውን ግን ጥለነዋል በያት።»

እፎይ አልኩ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ያለቅሳል፣ አቧራ ነው ይላል። ደወልኩላት፣ ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሣችው። ከኋላዋ የመኪና ሞተር ይጮኻል፣ ሰዎች ይነጋገራሉ።

«አልተፈረካከሰም። ደህና ነው፣ ወስደነዋል» አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ እንዳራቀችው ገባኝ፣ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የመጣው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለች ለአንድ ሰው። «ጫካ አንሄድም። ፋሶቹን አውርዱ።»