የሃንጋሪው ንጉሥ እንግዶች

ልጅ ሳለሁ የሠራሁትን ሳስታውስ ይኸው ዛሬም ሳቄ ይቀድመኛል፤ ቆዩኝማ፣ ዋናው ኋላ ይመጣል።

ያኔ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ እናቴ፣ ወንድሟ ጋሼ ታደሰና እኔ። አመሻሹ ላይ የጋዝ ማሞቂያው ብረቱ እስኪቀላ ይነድዳል፣ ቀይ ብርሃኑ የጋሼን ግማሽ ፊት ያበራል፣ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲጠርጉ የዋሉበትን እጃቸውን እያሞቁ ስለ አንድ የጥንት የሃንጋሪ ንጉሥ ያወሩልኛል። በወጣትነታቸው ቡዳፔስት ለትምህርት ተልከው ያጠኑት ይህንኑ ነበር። ንጉሡ ከሩቅ አገር ኮከብ ቆጣሪውን፣ ሐኪሙን፣ ታሪክ ጸሐፊውን እየጠራ ከማዕዱ ያቀርባቸዋል፣ እነሱም ሳይፈሩ ይከራከሩታል፣ ያገሩ መኳንንት ደግሞ «እነዚህ መጤዎች እኛን በልጠው ነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ስሰማ ጋሼ ራሳቸው እዚያ ገበታ ላይ የነበሩ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ታሾፍባቸዋለች፤ «የንጉሡን እንግዶች ስም ከምትሸመድድ እንግሊዝኛህን ብትሸመድድ፣ መጥረጊያው ከእጅህ በወረደ ነበር።»

እንግሊዝኛቸው እውነትም ደካማ ነበር። ስለዚህ ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሥራ አፕላይ አድርገው ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ፣ አስተርጓሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ የአሥር ዓመቷ። ጋሼ ሸሚዛቸውን ሦስት ጊዜ ተኩሰዋል። ይህ ካልተሳካ ተመልሶ ወደ መጥረጊያው ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሴትዮ «ከዚህ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» አለችኝ። እኔም እሳቸውን ሳልጠይቅ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «የሃንጋሪ ንጉሥ አማካሪ ነበሩ» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ምን አልሻት?» አሉኝ ጋሼ። ነገርኳቸው።

«አንቺ ሙጢ፣ ጉድ ሠራሽኝ። እውነቱን ንገሪያት። እነዚያ ከሞቱ ስንት መቶ ዓመታቸው፤ እኔ በሃንጋሪኛና በላቲን ስለነሱ ያነበብኩ ጠራጊ ነኝ በያት።»

እያለቀስኩ ቃል በቃል ነገርኳት።

ትምህርቱን እኔ ብዙም አልገፋሁበትም፤ የጋሼም ተረክ ከግማሽ በላይ ጠፍቶብኛል። ያንን ንጉሥ የወደድኩት ግን መጤውን «ከየት መጣህ?» ሳይሆን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ስለሚጠይቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ሴትዮዋ ጋሼን ትክ ብላ ካየቻቸው በኋላ ወደኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፤

«እዚህ ሥራው መጽሐፍ መደርደር ነው፤ የሚያማክሩት ንጉሥ የለንም። ሰኞ ቢጀምሩ ይከፋቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»