ሳይዳሰስ አይከፈልም

አለቃዬ ቪብከ በጀርመኗ ሁሱም ከተማ የሹራብ ክር ትሸጣለች። በኢንተርኔት መሸጥ ካሰበች ወዲህ ግን መቀመጥ አቅቷታል፤ ስትንጎራደድ እኔንም አዞረችኝ። ዛሬም የመሸጫ ድረ ገጹን የሚሠራላት ፕሮግራመር ቶርበን የክፍያ ዕቅዱን ሲያነብላት በመደርደሪያዎቹ መሀል ትመላለሳለች።

«በካርድ፣ በባንክ...»

«ዕቃው ደርሶ የሚከፈለውስ?»

«ከዝርዝሩ አወጣሁት። ክሩን ወስደው ቢጠፉስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? እዚህ አገር ክሩን በእጁ ሳይዳስስ ማን ይከፍላል? ደንበኞቼን ሌባ አደረግሃቸው እኮ!»

«እሺ በቃ፣ እመልሰዋለሁ።»

ደግሞ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። ቶርበን ላፕቶፑን ዘጋና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ሥራውን ልጀምር ነው። የኔ ቀብድስ?»

ቪብከ ከስንት ቀን በኋላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቀብድ? ሳልዳስሰው?»