የኪራዩ በርኖስ

ሞላሌ ገበያ ላይ ጋሽ ትዕዛዙን የማያውቅ ሰው የለም። በርኖስ ሸማኔ ናቸው። የሳቸውን በርኖስ የደረበ ሰው ዶፍ ውስጥ ቆሞ ወሬ ይጨርሳል፤ ውሃ አያስገባም። ዕድሜያቸው ስልሳ ሊሞላ ነው። መሬታቸው ጥማድ እንኳ አትሞላም፤ እሷም ገብስ አበቅላለሁ እያለች ድንጋይ የምታበቅል ናት። ሚስታቸው ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ፣ እፀገነት ናት። እኔ የእፀገነት የክፍል ኃላፊ መምህር ነበርኩ። ይህን የምጽፈው አባቷን ላወድስ ብዬ አይደለም፤ የራሴ ጥፋት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

እፀገነት ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው አንደኛ ወጥታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ሞላሌ ነው፤ ከመንደራችን በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ተመላልሶ መማር አይታሰብም፤ ቤት መከራየት የግድ ነው። አባትና ልጅ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳያልቅ ተማከሩና በርኖስ ጀመሩ። የጥቁር በግ ጠጉር ሸለቱ፤ እሷ ፈተለች፤ እሳቸው ሸመኑ። ጠዋት ጠዋት እንዝርቷን እያሾረች ትምህርት ቤት ስትመጣ አያት ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ፈትሏን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ደብተሯን ታወጣለች። በርኖሱ ሲሸጥ የመጀመሪያውን መንፈቅ ኪራይ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ላለውም አንድ ተስፋ ብቅ አለ። ባሕር ማዶ ያሉ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች መኪና እያጠቡ፣ ኬክ ጋግረው እየሸጡ፣ ከከተማ ከተማ በእግራቸው እየተጓዙ ገንዘብ አሰባስበዋል አሉ። በዚያ ገንዘብ ከአካባቢያችን ስድስት ልጆችን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊያስተምሩ ነው። መልካም ልጆች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ክፉ አፍ የለኝም። ከመምረጣቸው በፊት ግን የየልጁን ቤት ማየት ፈለጉ። የሚመጡት ክሌር የምትባል ፈረንጅ ልጅና ሳሌም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ ነው የሚያገለግሉት።

ወሬውን ለጋሽ ትዕዛዙ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

«እንግዶች ሊመጡ ነው። ቤቱን እንዳለ ይተዉት፤ ምንም እንዳይለፉ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ደግሞ! ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ባዶ ቤት ይግባ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የሚመጡት ድህነትዎን ሊያዩ ነው፣ ልጅዎ የምትማረው ማጣትዎ ከታየ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ለመንዝ ሰው፣ ያውም ሸማኔ ሆኖ ስንቱን ላለበሰ ሰው፣ ቤትህን አራቁተህ ጠብቅ ተብሎ እንዴት ይነገራል? መቼም ይገባቸዋል ብዬ ራሴን አታልዬ ሄድኩ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማክሰኞ እንግዶቹን ይዤ ስደርስ ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ደጅ ላይ የቄስ መልከ ጼዴቅ ፈረስ ከነኮርቻው ታስሯል። ውስጥ የጎረቤታቸው የአማከለች የብረት አልጋ ገብቷል፤ መሬቱ ላይ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ስጋጃ ተነጥፏል። ያቺ ጠጉሯን የሸለቷት አንድያ በጋቸው ታርዳለች። ጋሽ ትዕዛዙ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ በር ላይ ቆመዋል። እንግዶቹን እጅ እየነሱ አስገብተው ማዕድ አቀረቡላቸው።

ሳሌም እየበላች ጥያቄዋን ጀመረች። «አባባ፣ ፈረሱ የእርስዎ ነው?»

«ሁሉም የእግዜር ነው፣ ልጄ።»

«ከሁሉም በላይ የሚጎድላችሁ ምንድን ነው?»

«ተመስገን ነው! ምን ይጎድልብናል? ብሉልኝ እንጂ፣ ምነው እጃችሁን ሰበሰባችሁ?»

ሁለቱም ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ አስተርጓሚው እኔ ነኝና አጣምሜም ቢሆን እተረጉምላቸው ነበር። ሳሌም ግን እንደኔው አማርኛ ትሰማለች። የሰማችውን ጻፈች። እፀገነት የእጅ ውሃ ይዛ ቆማ ትኩር ብላ አየችኝ። አንድ ነገር በል ማለቷ ነበር። እኔ ወደ ገበታው አቀረቀርኩ። በሰው ፊት ማንን ላዋርድ?

ሊወጡ ሲሉ ዝናቡ ወረደ። ክሌር በዚያች ስስ ጃኬቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ትዕዛዙ ወደ ጓዳ ገብተው የኪራዩን በርኖስ አመጡና ትከሻዋ ላይ ደረቡላት።

«ይዘሽው ሂጂ። ከቤቴ በርዶት የወጣ እንግዳ የለም» አሏት።

ክሌር አለቀሰች። እፀገነት ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክንሄድ አልወጣችም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስድስት ስም ነው፤ የእፀገነት የለበትም። ለሳሌም ደወልኩ።

«መምህር፣ ፈረስ አላቸው፣ አልጋ አላቸው፣ በግ አርደው አበሉን። ከእሳቸው የባሰባቸው ብዙ ናቸው።»

«ፈረሱ የቄሱ ነው! አልጋው የጎረቤት ነው!»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

ቦታው ሞልቷል፣ ለከርሞ እንሞክራለን አለችኝ። አንተስ ለምን ቤት አልተከራየህላትም የሚለኝ ሰው ይኖራል። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ አይጠይቀኝም።

መስከረም ላይ ጓደኞቿ ስንቃቸውን ይዘው ወደ ሞላሌ ሄዱ። እፀገነት የአንዷን ከረጢት ተሸክማ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘቻቸውና ባዶ እጇን ተመለሰች። ጋሽ ትዕዛዙ ሌላ በርኖስ እጀምራለሁ አሉ፤ ግን የሚሸለት በግ የት አለ? ጥር ላይ ልጅቷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጠረች። የአሠሪዎቿን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። ስትሄድ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቻት፣ «ለከርሞ እኔ ራሴ አስመዘግብሻለሁ» አልኳት። ዓመቱ ዞሮ ለእነሳሌም ምርጫ ላስመዘግባት ስሞክር ትምህርት ያቋረጠ አይመዘገብም ተባልኩ። ይህንንም አልነገርኳትም።

ዘንድሮ ከዝርዝሩ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ተላከልን። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ቆመው ያጨበጭባሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ በርኖሱ ተሰቅሏል። ሳሌም ከሥሩ በአማርኛ ጽፋለች፦ አንድ ደግ አባት የሰጡን ይህ ልብስ በጨረታ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ አስገኘልን፤ በእሱ ዋጋ ዘንድሮ ሰባተኛ ልጅ ጨምረናል።

ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ትዕዛዙ ባዶ የሽመና ዕቃቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የእፀገነት ፈትል ነው» አሉ። «ለምን ሰቀሉት? ፈረንጇ ልጅ አልለበሰችውም?»

«በጨረታ ሸጠውት ነው። ገንዘቡ አንድ ልጅ ያስተምራል።»

«የማንን ልጅ?»

ከማዶ ቀበሌ የሆነ ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ያሳድገው» አሉ። ፎቶውን መለሱልኝ። «መምህር፣ ለእፀገነት እንዳትነግራት።»

እሑድ ዕለት እፀገነት ደወለች። አሠሪዎቿ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። የአባቷን ጤና ጠየቀችኝ፤ ደህና ናቸው አልኳት።

«መምህር፣ የዘንድሮው ዝርዝር ተለጠፈ?»

«ገና ነው» አልኳት። ከተለጠፈ ሦስት ሳምንቱ ነው።